ፖከርን ከጅማ ሆነህ የሙሉ ጊዜ ስራ ለማድረግ መጀመሪያ ደብተር ግዛ

ደብተር ግዛ። ኮምፒውተር ከመቀየርህ፣ ስራ ከመልቀቅህ፣ ለማንም ሰው "ፕሮ ልሆን ነው" ከማለትህ በፊት ሂርማታ ገበያ ወርደህ ወፈር ያለ ባለመስመር ደብተር ግዛ። ስልክም ላይ ይሆናል፣ ኤክሴልም ይሆናል፣ ግን እኔ በእጄ ስፅፈው ነው የሚያመኝ፣ ጥቅሙም እሱ ነው። እያንዳንዱ መስመር ላይ ቀን፣ የጀመርክበትና የጨረስክበት ሰዓት፣ የስንት ብላይንድ (ካርድ ከመታደሉ በፊት ሁለት ሰዎች በግድ የሚያስገቡት ገንዘብ) ጠረጴዛ እንደሆነ፣ ስንት እጅ (ካርድ ታድሎ እስኪያልቅ ያለው አንድ ዙር) እንደተጫወትክ፣ ስንት እንደበላህ ወይ እንደተበላህ በዶላር፣ ከዛ መጨረሻ ላይ አንድ ትንሽ ቦታ ትተህ እንቅልፍህን፣ ጫት መቃምህን፣ ከሰው ተጣልተህ መጫወትህን ትፅፋለህ። ያቺ ትንሽ ቦታ ምን እንደምታወጣ በኋላ እነግርሃለሁ።

(አንተ እያልኩ ነው የምፅፈው፣ አንቺም ብትሆኚ ያው ነው። እንደውም ጅማ ውስጥ ከማውቃቸው ፖከር ተጫዋቾች ታግሳ ካርዷን መጣል የምትችለው አንዲት ሴት ናት፣ ወንዶቹ ሁላችንም ፎልድ ማድረግ እንደ ሽንፈት ነው የሚታየን።)

ደብተሩን ያስቀደምኩት የራሴን ልምድ ይዤ ነው። ግቢ እያለን ዶርም ውስጥ ኮንከር ስንጫወት አድጌ ከዛ ስልክ ላይ በውሸት ቺፕ ፖከር ጀመርኩ፣ ከዛ በእውነተኛ ብር፣ ማለቴ በዶላር። በ2013 ኮምፒውተር ጥገና እሰራ ነበር፣ ደሞዜ 3,500 ብር። ማታ ማታ ባለ 25 ዶላር ጠረጴዛ ላይ፣ ማለትም መግቢያው 25 ዶላር፣ ብላይንዱ 10 ሳንቲምና 25 ሳንቲም የሆነው ላይ፣ ሶስት ወር ተጫውቼ 350 ዶላር በላሁ። በሰዓቱ ምንዛሬ ስታባዛው በወር ከደሞዜ ይበልጣል። በቃ ስራዬን ለቀቅኩ፣ ምን አስቀመጠኝ። በሚቀጥለው ሁለት ወር የበላሁትንም፣ የነበረኝንም አስረከብኩ፣ መጨረሻ ላይ በእልህ ባለ 50 ዶላር ጠረጴዛ ወጥቼ፣ ከዛ በአምስተኛው ወር አንገቴን ደፍቼ የድሮ አለቃዬ ጋ ሄድኩ። እሱ ጥሩ ሰው ነው መለሰኝ፣ ግን በ3,200።

ያኔ አጎቴ ጋ አጋሮ ሄጄ ነገርኩት። አጎቴ ቡና ሰብሳቢ ነው፣ ከገበሬው እሸት እየገዛ ለአቅራቢ የሚሰጥ፣ ቁማር የሚባል ነገር ስሙን መስማት አይወድም፣ እና ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣም፣ ጠየቀኝ። "ካፒታልህ ስንት ነበር?" አለኝ። እሺ፣ 600 ዶላር ገደማ አልኩት። "ለቀለብህ የምታወጣው ከየት ነው?" ከዛው። "ለቤት ኪራይ?" ከዛው። "ስንት ኪሎ ገዝተህ ስንት እንዳተረፈክ የምትፅፍበት አለህ?" የለኝም። ትንሽ ዝም አለና "አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ቁማርም አይደለም፣ ቁማርተኛ እንኳን ስንት እንደተበላ ያውቃል" አለኝ። ደብተር መያዝ የጀመርኩት ከዛ ቀን ጀምሮ ነው።

አሁን ሂሳቡን እናውራ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሶስት ወር ውስጥ የተጫወትኩት 27 ሺህ እጅ ገደማ ነበር። ብዙ ይመስላል አይደል? ስድስት ሰው በሚቀመጥበት ኖ ሊሚት ሆልደም (ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርድ ታድሎ አምስት ካርድ መሃል ላይ ለሁሉም የሚገለጥበት ፖከር) የውጤት መዋዠቁ በ100 እጅ ወደ 90 ቢግ ብላይንድ (ትልቁ ብላይንድ፣ እዚህ 25 ሳንቲም) ነው (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚሉት፣ እንደ አጨዋወትህ ከ80 እስከ 100 ይሄዳል)። ይሄን ይዘህ ስታሰላው በ27 ሺህ እጅ ውስጥ በረጅሙ የማያተርፍም የማይከስርም ዜሮ የሆነ ተጫዋች በዕድል ብቻ እንደኔ 350 ዶላር ወይ ከዛ በላይ የሚያገኝበት አጋጣሚ ከስድስት አንድ አካባቢ ነው። ከስድስት አንድ! ዳይስ ጥለህ ስድስት ሲወጣ ስራ መልቀቅ ማለት ነው። የተገላቢጦሹም አለ፣ በ100 እጅ 3 ቢግ ብላይንድ የሚያተርፍ በደንብ የሚጫወት ሰው 10 ሺህ እጅ ተጫውቶ ተበልቶ የሚነሳበት ዕድል ከሶስት አንድ ይበልጣል፣ 100 ሺህ እጅ ተጫውቶም ከሰባቱ አንዴ ከስሮ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ደብተርህ ላይ ቢያንስ 100 ሺህ እጅ ሳይሞላ "እኔ እበላለሁ" አትበል፣ ለራስህም አትበል። በትርፍ ሰዓትህ ማታ ማታ ስትጫወት ይሄ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ይፍጅ።

ኤስ ኤስ (ከሁሉ የሚበልጠውን የመነሻ እጅ) ይዞ የተበላ ሰው ሁሉ ሳይቱ ሌባ ነው ይላል። እጅህ ላይ ሁለት ኤስ የሚመጣው ከ221 አንዴ ነው፣ ኪንግ ኪንግ ከያዘ ሰው ጋር ሙሉ ገንዘቡ ከገባ ደግሞ 82 ከመቶ ትበላለህ፣ 18ቱን አትበላም፣ ማለትም ከአምስት ከስድስት አንዴ ትሸነፋለህ። ሌብነት አይደለም ሂሳብ ነው። (እርግጥ ቦት የሚባል፣ በሰው ቦታ ራሱ የሚጫወት ፕሮግራም አለ፣ እሱን ወደታች አነሳዋለሁ።)

ሌላው ከደብተሩ ጋር የሚያያዘው ገንዘብ መለየት ነው። አጎቴ የቡና መግዣውን ገንዘብ ልጁ ቢታመምበት እንኳን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ፈልጎ ነው የሚነካው፣ ምክንያቱም ጥቅምት ላይ እሸት ሲደርስ መግዣ ከሌለው ዓመቱን ሙሉ የለም ማለት ነው። የፖከር ገንዘብ፣ ባንክሮል የሚሉት፣ መግዣህ ነው። በትርፍ ጊዜህ ስትጫወት ለአንድ ጠረጴዛ ከምትገባበት 30 እጥፍ ይኑርህ፣ ሙሉ ጊዜ ልትገባ ካሰብክ 50 እጥፍ፣ ቶርናመንት (መግቢያ ተከፍሎ የሚገባበት ውድድር) ብቻ የምትጫወት ከሆነ ደግሞ 100ም 200ም ቢሆን አይበዛም፣ ምክንያቱም ቶርናመንት ላይ ጎበዙም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ነው የሚወጣው። ባለ 25 ዶላር ጠረጴዛ ላይ 50 እጥፍ ማለት 1,250 ዶላር ነው። ወደ 30 እጥፍ ከወረደ ያለ ክርክር ወደ ባለ 10 ዶላር ጠረጴዛ ትወርዳለህ፣ ስትወርድ ማንም አያይህም፣ እኔ ግን ሰፈር ሁሉ የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ከዚህ ውጭ ደግሞ የስድስት ወር የቤት ኪራይ፣ ቀለብና የስልክ ካርድ በብር ለብቻው ባንክ ይቀመጣል፣ ሁለቱ አይገናኙም። እቁብ ካለህ አታቋርጥ። ግን የእቁብ ዕጣ ሲደርስህ ባንክሮል ላይ አታስገባው፣ ይሄን የምለው ስላደረግኩት ነው።

ብድር ደግሞ በጭራሽ። ተበድረህ ከተጫወትክ፣ የተበላኸውን ለማስመለስ ሌሊት መነሳት ከጀመርክ፣ ወይ ስንት እንደተበላህ ለሚስትህ መዋሸት ከመጣ፣ ያ የስራ ጅማሮ ሳይሆን በሽታ ነው፣ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ህክምና ማዕከል የአእምሮ ህክምና ክፍል አለ፣ ሄዶ ማውራት ምንም ሼም የለውም። የማውቀው ልጅ ሄዷል፣ አሁን ባጃጅ ይነዳል፣ ደህና ነው፣ ካርታ ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

ገቢው ስንት ነው የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል። አራት ጠረጴዛ በአንዴ ከፍተህ በሰዓት 300 እጅ ገደማ ትጫወታለህ። በቀን አምስት ሰዓት በወር 22 ቀን ብትሰራ 33 ሺህ እጅ ነው። ባለ 25 ዶላር ላይ በ100 እጅ 4 ቢግ ብላይንድ ካተረፍክ (ይሄ ጥሩ ውጤት ነው፣ ሁሉም አያገኘውም) 330 ዶላር ይሆናል። ባለ 10 ዶላር ላይ 5 ቢግ ብላይንድ ብታተርፍ 165 ዶላር። ሳይቱ ከቆረጠው ላይ የሚመልስልህ ትንሽ ነገር ሊጨመር ይችላል። አሁን እዚህ ጋ ሰው ስልኩን ያወጣና ወደ ብር ይቀይረዋል፣ ዓይኑ ይበራል። ቆይ። ያንን 330 በአማካይ የሚያገኝ ሰው በመዋዠቁ ምክንያት ከአምስት ወር አንዱን ከስሮ ነው የሚዘጋው። አከራይህ ደግሞ መዋዠቅ አታውቅም፣ እትዬ በ30ኛው ቀን በር ታንኳኳለች። ስድስት ወር ለብቻው አስቀምጥ ያልኩህ ለዚህ ነው።

ስለ ብር ካነሳን አንድ ወጥመድ ልንገርህ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ያን ክረምት በብር ሲያስቡ የነበሩ ልጆች ሁሉ "ዘንድሮ በላሁ" ሲሉ ነበር፣ በዶላር ሲታይ ግን ግማሾቹ ከስረዋል፣ ምንዛሬው ነው የበላላቸው። ደብተሩ ላይ በዶላር ፃፍ ያልኩህ ለዚህ ነው፣ ብርን ለቀለብ ሂሳብ ብቻ ተጠቀምበት።

ገንዘቡ እንዴት ይገባል እንዴት ይወጣል የሚለው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከጅማ ለሚጫወት ሰው ከካርዱ ይከብዳል። ሳይት ከመምረጥህ በፊት ህጉን እስከመጨረሻው አንብብ፣ ኢትዮጵያ ከሚቀበላቸው ሀገሮች ዝርዝር ውስጥ ከሌለች ተወው። ቪፒኤን ከፍተህ ከሌላ ሀገር ነኝ ብለህ ብትገባ ተጫውተህ ትበላለህ፣ ልታወጣ ስትል መታወቂያ አምጣ ይሉሃል፣ በቃ እዛው ይቀራል። በሰው አካውንትም አትጫወት። አካውንቱ በስምህ፣ መታወቂያህ ላይ ባለው ፊደል ልክ፣ ማረጋገጫውን ገንዘብ ሳታስገባ ጨርስ። ከዛ ትንሽ፣ 20 ዶላር አስገብተህ ጥቂት ተጫውተህ አውጣው። የገባው ነገር ተመልሶ ኪስህ እስኪደርስ ድረስ ስንት ቀን እንደፈጀ፣ ስንት እንደተቆረጠ ደብተር ላይ ፃፍ። ይሄን ሳያደርግ 500 ዶላር ያስገባ ሰው ገንዘቡን አያውቀውም። እኔ መሃል ላይ ሰው አስገብቼ፣ ውጭ ያለ ጓደኛ የሚቀበልልኝ፣ 15 ከመቶ እየቆረጠ ጥሩ ሄደልን፣ አንድ ቀን 180 ዶላር ተቀብሎ ስልኩን ዘጋ። ክሰሰው እንዳትለኝ፣ ምን ብዬ ነው የምከሰው። የውጭ ምንዛሬ ህጉን ባንክህ ሄደህ በግልፅ ጠይቅ፣ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን እነሱ ይንገሩህ፣ ጥቁር ገበያ ላይ የተመሰረተ ስራ እንደ ስራ አትቁጠረው። ህጋዊ መውጫ መንገድ ካጣህ መልሱ ተገኝቷል፣ ፖከር ላንተ መዝናኛ ሆኖ ይቀራል። ሰው መስማት የማይፈልገው ይሄን ነው።

እግረ መንገዴን፣ ሰፈር ያሉት የስፖርት ውርርድ ቤቶችና ስልክ ላይ ያለችው ከፍ ብላ ከፍ ብላ የምትጠፋው አውሮፕላን ከፖከር ጋር ዘመድ አይደሉም። እዛ የምትጫወተው ከቤቱ ጋር ነው፣ ቤቱ ድርሻውን ሂሳቡ ውስጥ አስገብቶ ነው የሰራው፣ አንድ ዜሮ ያለው ሩሌት እንኳን ከእያንዳንዱ 100 ብር ላይ በአማካይ 2 ብር ከ70 ያስቀራል፣ ስትራቴጂ የሚባል ነገር አያድንህም። ፖከር ላይ የምትበላው ከሰው ነው፣ ሳይቱ ከፖቱ (መሃል ላይ ከተሰበሰበው ገንዘብ) ላይ ቆርጦ ይወስዳል፣ ሬክ ይሉታል፣ አብዛኛውን ጊዜ 5 ከመቶ አካባቢ ሆኖ ጣሪያ አለው። ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ግን ይሄ ነገር ቀላል አይምሰልህ፣ በ100 እጅ ከ5 ቢግ ብላይንድ በላይ ሊሆን ይችላል፣ ማለትም አንተ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ሰዎች መሻልህ አይበቃም፣ ከነሱም ከሬኩም መሻል አለብህ።

መማርን በተመለከተ ብዙ አልልም፣ ኔት ላይ ሞልቷል። ግን አንድ ነገር ካልገባህ ሌላው ሁሉ ባዶ ነው፣ እሱም ዋጋና ዕድል ማወዳደር ነው። ፖቱ ላይ 100 አለ እንበል፣ ሰውዬው 50 ጨመረ። አንተ 50 ከፍለህ 150 ለመብላት ነው የተጠየቅከው፣ ከገባህ ጠቅላላው 200 ይሆናል፣ ያንተ 50 ከ200 ሩብ ነው። ስለዚህ ከ25 ከመቶ በላይ የመብላት ዕድል ካለህ ግባ፣ ካነሰ ጣል። ፍሎፕ ላይ (መሃል ላይ የመጀመሪያዎቹ ሶስት ካርዶች ሲገለጡ) አራት አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ካርዶች ይዘህ አምስተኛውን እየጠበቅክ ነው እንበል፣ 9 ካርድ ያድንሃል፣ የቀሩትን ሁለቱንም ካርድ የምታይ ከሆነ 35 ከመቶ፣ አንድ ብቻ የምታይ ከሆነ 19 ከመቶ ነው። እንግዲህ ሰውዬው ያቺ 50 የመጨረሻ ገንዘቡ ከሆነች ትገባለህ፣ ገና ብዙ ገንዘብ ከጀርባው ካለና ተርን ላይ (አራተኛው ካርድ ሲገለጥ) ደግሞ የሚጨምርብህ ከሆነ በ19 ብቻ አትገባም፣ ስትመታ ተጨማሪ እንደሚከፍልህ ካላወቅክ በስተቀር። ሂርማታ ላይ ማር የሚገዛ ሰው ሰሙ ስንት ይወጣል፣ ንፁሁ ስንት ይሆናል ብሎ አስቦ ነው ዋጋ የሚሰጠው አይደል፣ ያው ነው። ብለፍም (ደካማ እጅ ይዞ ገንዘብ በመጨመር ሌላውን ለማስጣል መሞከር) እንደዛው ሂሳብ አለው፣ የፖቱን ግማሽ ብለፍ ብታደርግ ከሶስት አንዴ ቢጥልልህ አትከስርም፣ የፖቱን ሙሉ ብታደርግ ግን ከሁለት አንዴ መጣል አለበት። እና ብለፍ የማይጥል ሰው ላይ አይደረግም! ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ያለ ሰው ደግሞ መጣል አይወድም፣ እንዳልኩህ እንደ ሽንፈት ነው የሚታየው፣ ስለዚህ እዛ ጥሩ እጅ ሲኖርህ በደንብ አስከፍል፣ ሳይኖርህ አርፈህ ጣል፣ ለመጀመሪያው ዓመት ስትራቴጂው ይሄ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሶስት ሰዓት ከተጫወትክ አንድ ሰዓት አጥና። ስታጠና የተበላህባቸውን አስር እጆች አውጣና ውጤቱን በእጅህ ሸፍነህ "እዚህ ጋ ምን ማድረግ ነበረብኝ" ብለህ ፃፍ፣ ከዛ በኢኩዊቲ ካልኩሌተር (የመብላት ዕድልህን በሚያሰላ ፕሮግራም) አረጋግጥ፣ በነፃ የሚገኙ አሉ። ሶልቨር የሚባሉት፣ የተሻለውን አጨዋወት የሚያሰሉ ፕሮግራሞች ጠቃሚ ናቸው ግን መጀመሪያ ላይ አትግዛ፣ ገንዘቡ ባንክሮል ላይ ይሻላል። እዚህ ጋ ያቺን የቦት ነገር ላንሳት፣ በፈረንጆቹ 2017 ሊብራተስ የተባለ ፕሮግራም አንድ ለአንድ በሚደረገው ጨዋታ ፕሮዎችን በልቷል፣ በ2019 ደግሞ ፕሉሪበስ የተባለው ስድስት ሰው ባለበት ጠረጴዛ ላይ። እነዚህ የምርምር ስራዎች ናቸው፣ ግን ሰው በጨዋታ መሃል ፕሮግራም ከፍቶ መልስ የሚያይበት ማጭበርበር አለ፣ ከፍ ባለህ ቁጥር ይበዛል። ሳይቶቹ ያግዳሉ፣ ሁሉንም ግን አይዙም። በፈረንጆቹ የ2003ቱን የክሪስ ሞኒሜከርን ታሪክ ሰምተህ ይሆናል፣ የቴነሲ አካውንታንት፣ በ86 ዶላር ሳተላይት (ወደ ትልቁ ውድድር የሚያስገባ ትንሽ ውድድር) ገብቶ 839 ሰው የነበረበትን የዓለም ሻምፒዮና በልቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር የወሰደው። እውነት ነው። ግን ያኔ ሰዉ መጫወት አያውቅም ነበር፣ አሁን ባለ 25 ሳንቲም ብላይንድ ላይ የሚቀመጥ ብራዚላዊ ልጅ ከዛ ጊዜ ብዙ ፕሮዎች በላይ ያውቃል። ያ ሰውዬ በታሪኩ ስንቱን ከስራ እንዳፈናቀለ!

ሰዓት። አውሮፓ ማታ ሲሆን ነው ጠረጴዛው የሚሞላው፣ ከስራ የመጣ፣ ቢራ የያዘ፣ ለመዝናናት የሚጫወት ሰው የሚገኘው ያኔ ነው፣ እሱም እኛ ጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አካባቢ ነው። ቀን ላይ ብትከፍት እንዳንተ ፕሮ ልሁን የሚሉ ሰዎች ብቻ ናቸው ያሉት፣ እርስ በርስ መበላላት። ስለዚህ ኑሮህ ይገለበጣል፣ ጠዋት ሰው ሲነሳ ትተኛለህ፣ ሰርግና ለቅሶ ላይ ትጠፋለህ፣ ሰው ይታዘብሃል። ይሄንን ቀድመህ እወቀው።

መብራት ደግሞ አለ። ጅማ ክረምቱ ረጅም ነው፣ ዝናብ ሲያባርቅ አራት ጠረጴዛ ላይ ገንዘብ አስቀምጠህ መብራት ሲሄድ ልብህ ነው አብሮ የሚሄደው። ባትሪው በደንብ የሚይዝ ላፕቶፕ፣ ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ፣ ስልክህ ላይ ደግሞ የሌላ ኔትወርክ ሲም ከነ ዳታው። መብራት እንደሄደ አዲስ እጅ አትጀምር፣ "ሲት አውት" (ከሚቀጥለው እጅ የሚያስወጣህን ቁልፍ) ንካና ያለውን ብቻ ጨርስ። ቶርናመንት ከአምስት ሰዓት በላይ ሊሄድ ይችላል፣ አንተ በሌለህበት ብላይንድህን እየበላ ይጨርስሃል፣ ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ እኔ ቶርናመንት አልነካም።

እና ጫት። እዚህ ከተማ ላይ ስለ ሌሊት ስራ አውርቶ ጫትን አለማንሳት ውሸት ነው። ደብተሩ መጨረሻ ላይ ስላለችው ትንሽ ቦታ እነግርሃለሁ ብዬህ ነበር። ከስምንት ወር በኋላ ቁጭ ብዬ "ጫ" ብዬ የፃፍኩባቸውን ቀኖች ለብቻ ደመርኳቸው። የመጀመሪያው ሰዓት ጥሩ ነው፣ ትኩረት አለ፣ ከዛ ምርቃናው ሲመጣ ሁሉም እጅ ቆንጆ ይሆናል፣ ሁሉም ሰው ብለፍ የሚያደርግ ይመስላል፣ ኮል (እከፍላለሁ)፣ ኮል፣ ኮል። ሲደመር የኪሳራዬ ትልቁ ክፍል እዛ ነበር፣ ከሬክ በልጦ። ሁለተኛው "ተጣ" ያልኩት ነበር፣ ከሰው ጋር ተጣልቼ የተጫወትኩባቸው ቀኖች። ፈረንጆቹ ቲልት ይሉታል፣ እኛ ከድሮም እልህ የሚል ቃል አለን፣ ለዚህ የተሰራ ነው የሚመስለው። ያንተ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ እንቅልፍ፣ ረሃብ፣ የአርሰናል መሸነፍ፣ ደብተሩ ያወጣዋል። እኔ አሁን ሶስት መግቢያ ከተበላሁ በዛ ሌሊት እዘጋለሁ፣ ምንም ቢሆን፣ ጠረጴዛው ላይ ሰካራም ቢቀመጥም።

ሰፈር ውስጥ በአካል መጫወትስ? በቤት ጨዋታ ከጓደኛ ጋር መዝናናት አንድ ነገር ነው፣ ግን ስራ ላድርገው ካልክ ሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛ ቁማር ማጫወት ፈቃድ ይፈልጋል፣ ሰው ሰብስበህ ከፖቱ እየቆረጥክ ቤት ብታጫውት ፖሊስ ቢመጣ የምትለው የለህም። ሁለተኛ ጓደኛ ያልቃል። አንድ ሰሞን እኛ ሰፈር አምስት ስድስት ሆነን እንጫወት ነበር፣ እኔ ስበላ አንዱ ተበደረ፣ ሌላው ዱቤ አለ፣ በመጨረሻ የሚበላ ሰው ሳይሆን የሚያኮርፍ ሰው ብቻ ነው የቀረኝ። በሰዓትም 25፣ 30 እጅ ነው የምታየው፣ ለመለማመድ እንኳን ይዘገያል።

ቤተሰብን እኔ አልፈታልህም። ሙስሊም ከሆንክ ቁማር ሐራም ነው የሚለውን ታውቀዋለህ፣ ክርስቲያን ቤት ብታድግም እናትህ ስትሰማ የምትለው አይለይም። "ችሎታ ነው፣ ሂሳብ ነው" ብለህ ስታስረዳ አልፋ የምትጠይቅህ "ያ የተበላው ልጅስ የማን ልጅ ነው?" ብላ ነው፣ የኔ እናት እንደዛ ነው ያለችኝ፣ እስካሁን መልስ የለኝም። ህሊናህ ካልተቀበለው ሌሊት ላይ ጥሩ መጫወት ራሱ አይቻልም፣ ስለዚህ ይሄን ከስራ መልቀቅህ በፊት ጨርሰው። እጮኛ ካለህ ደግሞ ደብተሩን አሳያት፣ የከሰርክባቸውን ገፆች ጭምር።

እሺ መቼ ነው ስራ የሚለቀቀው? ደብተሩ ላይ 100 ሺህ እጅ ሲሞላ፣ በዛ ውስጥ በዶላር ትርፍ ሲኖር፣ 50 መግቢያና የስድስት ወር ቀለብ ለየብቻ ሲቀመጥ፣ ገንዘብ በህጋዊ መንገድ ቢያንስ ሶስት ጊዜ ገብቶ ወጥቶ ሲያይ ዓይንህ፣ ከዛ ደግሞ ያለፉት ስድስት ወራት የፖከር ትርፍህ አማካይ ከወር ወጪህ አንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን። አንዷ ከጎደለች ስራህን ይዘህ ማታ ማታ ቀጥል። እኔ ራሴ አሁን የት ነኝ ብትል ሳምንቱን ግማሽ ቀን ጥገና እሰራለሁ፣ አራት ሌሊት እጫወታለሁ፣ ሙሉ ለሙሉ አልወጣሁም፣ ያቺ አንድ ተኩል እጥፍ ሁለት ወር ትሞላና ሶስተኛው ላይ ትጎድላለች።

ስትለቅ ደግሞ አትልቀቅ። እንደኔ በር ዘግተህ አትውጣ፣ አለቃህን ያለ ክፍያ የሶስት ወር ፈቃድ ለምነው፣ የግል ቤት ከሆነ በስምምነት ይሆናል፣ ስራ ቀዝቀዝ በሚልበት ጊዜ ከጠየቅከው የበለጠ። የሚተካህን ሰው ራስህ አምጣለት። ማመልከቻው ላይ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ "ለግል ጉዳይ" ብለህ ፃፍ፣ እኔ በጨዋነት እውነቱን ፅፌ አለቃዬ ማመልከቻውን ለሰራተኛው ሁሉ ጮክ ብሎ አነበበው።